ሥራ ለበዛበት ምእመን፦ የዕለት ጸሎትን፣ ጾምንና ቅዳሴን ከሥራ ቀን ጋር አስማምቶ የመያዝ መመሪያ

«ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፤ ታዲያ መቼ ልጸልይ? መቼስ ላስቀድስ?» የሚለው ጥያቄ ከጉባኤ በኋላ፣ ከቅዳሴ መልስ በዐውደ ምሕረቱ ጥግ፣ አንዳንዴም በስልክ ዘወትር ይቀርብልኛል። ጠያቂዎቹ የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ መምህራን፣ ሹፌሮች፣ ባለሱቆችና ሕፃን የያዙ እናቶች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ተመሳሳዩን መልስ ከመደጋገም በቅደም ተከተል ጽፎ ማኖሩ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ። መመሪያው የተጻፈው ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነው።

መመሪያው የቆመበት መሠረት አንድ ነው፤ ትርፍ ጊዜ እስኪገኝ ድረስ መጠበቅን ትተው፣ ቀንዎ በተፈጥሮው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚያልፍባቸውን ሰዓቶች ለጸሎት ይያዙ። የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (11 ሰዓት)፣ ንዋም (የመኝታ ጊዜ) እና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። እነዚህን ከተለመደው የሥራ ቀን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ነግህ ከቤት ከመውጣትዎ በፊት፣ ሠለስት ሥራው መልክ ሲይዝ፣ ቀትር ከምሳ ዕረፍት አጠገብ፣ ተሰዓት ከሰዓት በኋላ ድካም ሲጀምር፣ ሠርክ ደግሞ ከሥራ መውጫ ላይ እንደሚውሉ ያያሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዘወትር ጸሎትና የሰባቱ ቀናት ውዳሴ ማርያም ያለበት የጸሎት መጽሐፍ፤ ግእዙን የማይረዱ ከሆነ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለው ይሁን
- መዝሙረ ዳዊት
- አጽዋማትንና በዓላትን የያዘ የዓመቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ
- አንድ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ
- ከስልክ የተለየ ተራ የማንቂያ ሰዓት
- ነጠላ
- ለጾም ቀን ምሳ ዕቃ
- ለአሥራት የሚሆን ፖስታ

ደረጃ 1፦ የሦስት ቀን ውሎዎን በጽሑፍ ያስፍሩ

ከሳምንቱ ውስጥ ሦስት የሥራ ቀናትን መርጠው መቼ እንደተነሡ፣ መቼ ከቤት እንደወጡ፣ ታክሲ ወይም አውቶቡስ በመጠበቅ ምን ያህል እንደቆሙ፣ ምሳ መቼ እንደበሉ፣ ቤት መቼ እንደገቡ፣ ስልክ ይዘው ምን ያህል እንደተቀመጡና መቼ እንደተኙ በደብተርዎ ላይ ይጻፉ። በእነዚህ ሦስት ቀናት ምንም ነገር ለማሻሻል አይሞክሩ፤ ያለውን እንዳለ ብቻ ይመዝግቡ።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው «ጊዜ የለኝም» የሚለው ስሜት የትኛው ሰዓት በእውነት እንደተያዘ፣ የትኛው ደግሞ ሳይታወቅ እንደሚያልቅ ስለማይነግረን ነው። ብዙ ሰው የመጓጓዣ ወረፋውንና ከእራት በኋላ በስልክ የሚያልቀውን ጊዜ በጽሑፍ ሲያየው ይገረማል። በአንጻሩ አንዳንዱ ሰው በእውነት ፋታ የሌለው ሆኖ ይገኛል፤ ለእርሱ የሚሰጠው ሥርዓትም በዚያው ልክ አጭር መሆን አለበት።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ

የንስሐ አባት ከሌለዎት በአጥቢያዎ ቤተ ክርስቲያን ወዳሉ ካህን ቀርበው ይጠይቁ። ከንስሐ አባትዎ ጋር ሲገናኙ የጻፉትን ውሎ ያሳዩ፤ ያለብዎትን ሕመም፣ የሥራ ፈረቃና የቤተሰብ ኃላፊነት ሳይደብቁ ይንገሩ። ከዚያም ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ በየዕለቱ የትኛውን ጸሎት ልያዝ? ጾሙን እስከ ስንት ሰዓት ልጹም? ለንስሐና ለቅዱስ ቁርባን እንዴት ልዘጋጅ?

ለራሱ በራሱ ሥርዓት የሚያወጣ ሰው በአንድ ወቅት ስሜቱ ሲግል ከአቅሙ በላይ ይጭናል፤ ሲደክመው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይተዋል። ከአባት የተቀበሉት ሥርዓት ሲጨምርም ሲቀንስም በምክር ስለሚሆን ከሁለቱም ይጠብቃል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የንስሐ አባትዎ ከሚሰጡዎት ምክር ጋር ከተለያየ የእርሳቸውን ይያዙ።

ደረጃ 3፦ የነግህን ጸሎት ማታውኑ ያዘጋጁ

የጠዋት ጸሎት የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት የጸሎት መጽሐፉን የነገው ዕለት ውዳሴ ማርያም ላይ ከፍተው ምልክት ያድርጉበት፤ ነጠላዎን አጠገቡ ያኑሩ፤ የነገውን ልብስዎን አውጥተው ይስቀሉ፤ ስልክዎን ደግሞ ከሚተኙበት ክፍል ውጭ ቻርጅ ያድርጉ። ተራ የማንቂያ ሰዓት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ለማንቂያ ብለው ስልኩን ያነሡ እጆች ደወሉን ካጠፉ በኋላ መልእክት ይከፍታሉ፤ መልእክቱም ሌላ መልእክት ይጠራል፤ ሩብ ሰዓቱም እዚያው ያልቃል።

ጠዋት ሲነሡ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ይሁን፦

ሀ) ፊትዎን ታጥበው፣ ነጠላዎን አጣፍተው ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቁሙ።
ለ) በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብለው አማትበው የዘወትር ጸሎትን ያድርሱ።
ሐ) የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያንብቡ። ሰኞ የሰኞውን፣ ማክሰኞ የማክሰኞውን እያሉ እስከ እሑድ ይዘልቃሉ።
መ) ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰነልዎትን ያህል ያንብቡ።
ሠ) ዛሬ የሚያገኟቸውን ሰዎች፣ የሚያስቸግርዎትን ጉዳይና የታመመ ወዳጅዎን በስም እየጠሩ በራስዎ ቃል ይለምኑ።
ረ) በአቡነ ዘበሰማያት ይፈጽሙ።

መዝሙረ ዳዊትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ግራ መጋባት አለ። 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ የተከፈለ ሲሆን አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። በሳምንት ለመድገም የሚፈልግ ሰው ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ያነባል፤ እሑድ ደግሞ የነቢያትን ጸሎትና መኃልየ መኃልይን ያደርሳል። ይህ ሙሉው ሥርዓት ነው። ለጀማሪና ለሥራ ለሚቸኩል ሰው ግን በቀን አንድ መዝሙር ይበቃል፤ አንዱ ሳይቋረጥ ከተለመደ በኋላ ወደ አንድ ንጉሥ ማደግ ይቻላል። በቀን አንድ መዝሙር ብቻ ቢያነቡም በ150 ቀናት ውስጥ መጽሐፉን ይፈጽማሉ።

ጥንቃቄ፦ ጸሎቱን ለማስረዘም ብለው እንቅልፍዎን አይቁረጡ። በተለይ ተሽከርካሪ የሚያሽከረክሩ፣ በማሽን ላይ የሚሠሩ ወይም ሕሙማንን የሚያክሙ ከሆነ ቀደም ብለው ለመነሣት መጀመሪያ ቀደም ብለው ይተኙ።

ደረጃ 4፦ የ3፣ የ6 እና የ9 ሰዓቱን ጸሎት በሥራ ቦታ በአጭሩ ይያዙ

እነዚህ ሦስት ሰዓቶች ምን እንደሚታሰብባቸው ካወቁ አጭር ቃል ይበቃቸዋል። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ መውረዱ፣ በ6 ሰዓት ጌታችን መሰቀሉ፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መስጠቱ ይታሰባል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ በ9 ሰዓት ሲጸልይ መልአክ የታየው ቆርኔሌዎስ የመቶ አለቃ ነበረ፤ ነቢዩ ዳንኤልም በንጉሥ ዳርዮስ ዘመን የመንግሥቱን ሥራ እየመራ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ሁለቱም ኃላፊነት የተሸከሙ ሰዎች ነበሩ።

በ3 ሰዓት በወንበርዎ ላይ እንዳሉ አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን በልብዎ ይድገሙ። በ6 ሰዓት፣ ወይም የምሳ ዕረፍትዎ ሲጀምር፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የሚለውን 41 ጊዜ በቀስታ ይበሉ፤ ይህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ስለሆነ ወደ ምሳ እየሄዱም ሊፈጽሙት ይችላሉ። በ9 ሰዓት የቀኝ ወንበዴውን ልመና፣ ተዘከረኒ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ የሚለውን ይበሉ። ሰዓቱ እንዳያልፍዎት ድምፅ የሌለው ማስታወሻ በስልክዎ ላይ መሙላት ይቻላል፤ ይበልጥ የሚጸናው ግን ጸሎቱን ሁልጊዜ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ማያያዝ ነው፤ ለምሳሌ ከሻይ ዕረፍት፣ ከደብተር ርክክብ ወይም ከክፍለ ጊዜ ደወል ጋር።

በሥራ ቦታ ድምፅ ማሰማት፣ መቆምም ሆነ ማማተብ የግድ አይደለም። ባለጉዳይ ፊትዎ ቆሞ ከሆነ በመጀመሪያ ጉዳዩን ይፈጽሙለት፤ ጸሎቱ አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ጉዳት የለውም። ለጸሎት ብሎ የሥራ ሰዓትን መሻማት ከአሠሪ ጊዜ መውሰድ ስለሆነ ረዘም ያለውን ለዕረፍት ሰዓት ያቆዩ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆነ ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚረዝም በአቅራቢያ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተሳልመው መመለስ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ እምነትዎ በሥራዎ ላይ የሚታይበትን አንድ ቦታ ይምረጡ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጸናበት ነው። ጠዋት ጸልዮ የወጣ ሰው ጸሎቱ የሚፈተነው በመስኮቱ ወይም በባንኮኒው ፊት ነው። አንዲት እናት ሰነዶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከሩቅ ሰፈር በሁለት ታክሲ መጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው መስኮትዎ ጋር ደረሱ እንበል። አንድ ፎቶ ኮፒ ጎድሏል። «ነገ ይምጡ» ማለት ሦስት ሴኮንድ ይፈጃል። ፎቶ ኮፒው የት እንደሚነሣ ማሳየት፣ ሲመለሱም ወረፋ ሳይዙ እንዲገቡ መንገር ግን አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ያቺ አንድ ደቂቃ ጠዋት የለመኑት ምሕረት ለሌላ ሰው የሚደርስባት ናት።

በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ይምረጡና በደብተርዎ ላይ ይጻፉ። «በዚህ ሳምንት ባለጉዳይን ያለ ምክንያት አላመላልስም»፣ «በዚህ ሳምንት በቡና ሰዓት ባልደረባዬን አላማም»፣ «በዚህ ሳምንት ሚዛን አላጎድልም» የሚሉት ምሳሌ ይሁኑዎት። ጉቦን፣ የሐሰት ፊርማንና የሐሰት ደረሰኝን በተመለከተ ግን የሳምንት ምርጫ የለም፤ እነዚህ ወዲያውኑ የሚተዉና በንስሐ የሚነገሩ ናቸው። አንድ ብቻ መምረጥ የሚያስፈልገው «ጥሩ ሰው እሆናለሁ» የሚል ጥቅል ሐሳብ ማታ ሲመረመር መፈጸሙም አለመፈጸሙም ስለማይለይ ነው።

ደረጃ 6፦ ረቡዕንና ዓርብን አስቀድመው ያቅዱ

ረቡዕና ዓርብ ከትንሣኤ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ፤ ልደትና ጥምቀት በእነዚህ ቀናት ሲውሉ ግን አይጾሙም። የጾም ሰዓቱ በተለመደው ሥርዓት እስከ 9 ሰዓት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ለነገው የሚሆን ምስር፣ ሽሮ ወይም አትክልት አዘጋጅተው በምሳ ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ምግቡ ከእርስዎ ጋር ካለ በ9 ሰዓት አጭር ዕረፍት ላይ መብላት ይቻላል፤ ከሌለ ግን ወይ ከባልደረቦች ጋር በ6፡30 ምሳ ቤት ይገባሉ፣ ወይ እስከ ማታ ተርበው ይውሉና ቤት ሲገቡ በቁጣ ይናገራሉ።

የምሳ ዕረፍቱ በጾም ቀን ነፃ ስለሚሆን ጠዋት ያልደረሰውን መዝሙር ለማንበብ ምቹ ነው። ከማኪያቶ፣ ከኬክና ወተት ወይም እንቁላል ካለበት ብስኩት ይጠንቀቁ፤ በስብሰባ ላይ የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። ባልደረባ ሲጋብዝዎ «ዛሬ ጾም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት በቂ ነው፤ የሌላውን ሳህን መመልከትና መገሠጽ አይገባም።

ጥንቃቄ፦ የስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ያለብዎት፣ በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለዎት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆናችሁ የጾሙን ሰዓት ራሳችሁ አትወስኑ። አስቀድማችሁ ለሐኪምም ለንስሐ አባትም ንገሩ። መድኃኒትን ለጾም ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ደረጃ 7፦ ማታ ከቤተሰብ ጋር አጭር ጸሎት፣ ከዚያ ራስን መመርመር

ከእራት በፊት ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ቤተሰቡ በአንድነት ቆሞ አቡነ ዘበሰማያትንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ያድርስ። ልጆች ካሉ አንዱ ጀማሪ ይሁን፤ ተራ የተሰጠው ልጅ ቃሉን ቶሎ ያጠናዋል። ጸሎቱ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ የደከሙ ልጆችን ማቆም ጸሎትን እንደ ቅጣት እንዲያዩት ያደርጋል።

ከመኝታ በፊት ለብቻዎ ደብተርዎን ከፍተው ሦስት መስመር ይጻፉ፦ የሚያመሰግኑበት አንድ ነገር፣ የበደሉበት አንድ ነገር፣ ነገ የሚያስተካክሉት አንድ ነገር። ይህ ለንስሐ ሲቀርቡ ምን እንደሚናገሩ ያስታውስዎታል። ደብተሩ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ስለሚችል የሌላ ሰው ስምና ምስጢር አይጻፉበት፤ ንስሐ ከገቡ በኋላም ገጹን ቀድደው ያስወግዱት።

ደረጃ 8፦ ለእሑድ ቅዳሴ ከቅዳሜ ጀምረው ይዘጋጁ

ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ከምግብና ከመጠጥ 18 ሰዓት መከልከል ያስፈልጋል። እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት ግድም የሚቆርቡ ከሆነ የመጨረሻው ምግብ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በፊት መሆን አለበት ማለት ነው። ቅዳሜ እስከ 6፡30 የሚሠራ ሰው ከሥራ እንደወጣ ምሳውን በልቶ ገበያውንና የልብስ አጠባውን በጊዜ መጨረስ ይኖርበታል። የልጆችን ልብስና ጫማ ማታ ያዘጋጁ። ቅዳሴው መቼ እንደሚገባ ከአጥቢያዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቢያንስ ወንጌል ከመነበቡ በፊት ይድረሱ፤ ከካህኑ ስንብት በፊትም አይውጡ።

በዓመቱ መጀመሪያ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውጥተው ሰሙነ ሕማማትን ያክብቡ። ዓርብ ስቅለት በሀገራችን የሕዝብ በዓል በመሆኑ ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ቀን ብቻ የዓመት ፈቃድ ከወሰዱ ሳምንቱን በሙሉ በቤተ ክርስቲያን መዋል ይችላሉ። ሁሉም ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ማመልከቻዎን ቀደም ብለው ያስገቡ።

ደረጃ 9፦ ደመወዝ በገባበት ቀን አሥራቱን ይለዩ

አሥራቱን በደመወዝ ቀን፣ የቤት ኪራይና አስቤዛ ሳይነካ፣ ወደ ፖስታው ያስገቡ። ከወር መጨረሻ ትርፍ ለመስጠት የሚጠብቅ ሰው ትርፍ አያገኝም። ለነዳያን የሚሰጡትን ምጽዋት ከዚህ ለይተው በዝርዝር ብር በኪስዎ ይያዙ፤ ዝርዝር አለመኖሩ ብዙ ጊዜ ላለመስጠት ምክንያት ይሆናል።

ዘወትር የሚታዩ ስህተቶች

1. ሁሉንም ደረጃዎች በአንድ ሰኞ መጀመር። የነግህን ጸሎት ብቻ ይዘው ይጀምሩ፤ እርሱ ያለ ማስታወሻ መሄድ ሲጀምር የቀን ሰዓታቱን ይጨምሩ።

2. አንድ ቀን ሲያመልጥ የሁለት ቀን ጸሎት ለመክፈል መሞከር። ዕዳው እየተከመረ ስለሚሄድ መጨረሻው መተው ነው። ያመለጠውን ለንስሐ አባት ይናገሩና የዛሬውን ብቻ ያድርሱ።

3. በስልክ የሚሰማ ስብከትንና መዝሙርን በጸሎት ቦታ መተካት። በታክሲ ውስጥ ማዳመጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መስማትና መለመን የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይተካም። መኪና እያሽከረከሩ ከስልክ ላይ ጸሎት ማንበብ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

4. የጸሎትን ሥርዓት በቤተሰብ ላይ መጫን። የትዳር ጓደኛዎ ዝግጁ ካልሆኑ ለብቻዎ በዝግታ ይጀምሩ፤ የቤቱን ሥራ ለእርሳቸው ጥለው አይቁሙ።

በፈረቃ፣ በሰው ቤትና ከሕፃን ጋር ለሚውሉ

የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ነርሶችና ጥበቃዎች የመንፈቀ ሌሊትን ጸሎት በሥራ ላይ እያሉ በልብ ማድረስ ይችላሉ፤ የነግህን ጸሎት ደግሞ ቤት ገብተው ከመተኛታቸው በፊት ያድርሱ። ፈረቃው እሑድን የሚነካ ከሆነ ከባልደረባ ጋር በመለዋወጥ ቢያንስ በወር የተወሰኑ እሑዶችን ለማስለቀቅ ይሞክሩ፤ በሥራ ቀን ቅዳሴ ያለበትን አጥቢያም ያፈላልጉ።

በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረሽ የምትሠሪ እህቴ፣ በብዙዎቹ አገሮች የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብ ስለሆነ በአቅራቢያሽ ያለው ቤተ ክርስቲያን በየትኛው ቀን እንደሚቀድስ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከቤት መውጣት የማይፈቀድልሽ ከሆነ አቡነ ዘበሰማያትን፣ ጸሎተ ሃይማኖትንና መዝሙር 50ን በቃልሽ አጥኚ፤ በቃል የተያዘ ጸሎት መጽሐፍም ክፍልም አይፈልግም፣ ዕቃ እያጠብሽ ወይም ልብስ እየተኮስሽ ልታደርሺው ትችያለሽ። በግልጽ መጸለይ ችግር የሚያመጣብሽ ከሆነ በልብሽ ብቻ አድርሺው።

ሕፃን የያዘች እናት ደግሞ ውዳሴ ማርያሙን በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትድከም። ጠዋት ግማሹን፣ ሕፃኑ ቀን ሲተኛ ቀሪውን ማድረስ ይቻላል፤ እያጠባች ተቀምጣ ብታደርሰውም ነውር የለበትም። ባል በቤት ካለ ጠዋት ለሩብ ሰዓት ሕፃኑን እርሱ ይያዝ፤ ቀጥሎም እርሷ ትያዝለትና እርሱ ይጸልይ።